በረዶ የነካው ኢንሱሊን

ጋምቤላ ውስጥ መብራት ሲሄድ ሌላው ሰው ፋኑ ቆመ ብሎ ይናደዳል፤ እኔ ማሰሮዬን ለማርጠብ እሮጣለሁ። የአባቴ ኢንሱሊን እዚያ ውስጥ ነው። ትልቁ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ አለ፣ አሸዋው መሃል ትንሽ ማሰሮ፣ በትንሹ ውስጥ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለሉት ብልቃጦች። አሸዋው ከደረቀ ማሰሮው አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ውኃ ይፈልጋል። አራስ ልጅ እንኳ እንዲህ አያንከራትትም። ፍሪጅማ አለን፤ ግን መብራቱ ከሚመጣበት የሚጠፋበት ስለሚበዛ ሽንኩርት እናስቀምጥበታለን።

አባቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው አቦቦ አካባቢ የቀሩ ገበሬ ናቸው። እርሻቸውን ለዘመድ ትተው ከተማ እኔ ዘንድ የገቡት ስኳሩ ዓይናቸውን ካደከመው ወዲህ ነው። መንገዱንም ሰውንም ያያሉ፤ የሲሪንጁን ጭረቶች ግን መለየት አይችሉም። ስለዚህ ጠዋትም ማታም የምወጋቸው እኔ ነኝ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከቢሮ ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ እገባለሁ፣ አሸዋዬን አጠጣለሁ፣ እመለሳለሁ። የቢሮ ሰዎች «ያ አሸዋሽ መቼ ነው የሚያፈራው?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ!

የዚያን ሰሞን ጅማ ሄጄ እንድማር ዕድል ደርሶኝ ነበር። እሄዳለሁ ብል እሳቸውን ማን ይይዛል? አልሄድም ብል ደግሞ ዕድሜዬ እዚሁ ማሰሮ አጠገብ ማለቁ ነው። ቤቱ ጠበበኝ፤ ይህንኑም አረብ አገር ላለችው እህቴ በስልክ አማርርላት ነበር። አንዳንዴ ክንዳቸውን ስጠርግ እንባዬ ይመጣል፤ ላብ ነው እላለሁ። በዚህ ሙቀት ማን ይጠይቃል?

አንድ ቅዳሜ ውኃ የሸተታት የሰው ፍየል ግቢያችን ገብታ ማሰሮውን ገልብጣ ፈረካከሰችው። መብራት የለም። በሰፈሩ ጄኔሬተር ያላት አሳ የምትሸጠው ጎረቤታችን ብቻ ነች። እዚሁ ጋምቤላ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛን ገበያ ላይ የተማረች፣ ከእህት የማላሳንሳት ሴት ነች። የማታውንና የጠዋቱን መጠን በሲሪንጅ ቀድቼ አስቀረሁና ብልቃጦቹን ሰጥቻት ሌላ ማሰሮ ፍለጋ ሄድኩ። ማሰሮውን አግኝቼ፣ አሸዋ አስመጥቼ፣ አርጥቤ እስክጨርስ ማግስቱ ደረሰ።

ልወስድ ስሄድ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ተቀበለችኝ። «እህቴ፣ አታስቢ። ከታች ነው ያስቀመጥኩት፣ ከአሳው ሥር፣ በረዶ መሃል። እዚያ ሙቀት አይደርስም።»

ያ ረቢ! ብልቃጦቹ ድንጋይ ሆነዋል። ምን ልበላት? እኛ አገር ቀዝቃዛ ነገር ሁሉ ጸጋ ነው፤ እንግዳ እንኳ የምናከብረው በበረዶ ውኃ ነው። ምርጥ ቦታዋን ነው የሰጠችኝ። ኢንሱሊን ግን ቅዝቃዜ እንጂ በረዶ አይችልም፤ አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አይሠራም። የሚያስፈራው ደግሞ ሲቀልጥ ደህና መምሰሉ ነው። አመስግኛት ወጣሁ።

አባቴ ግን መበላሸቱ አልተዋጠላቸውም። «ፀሐይ ላይ አውጪውና ይቅለጥ። መድኃኒት ይጣላል እንዴ?» አሉ። ረሃብ ያየ ሰው ናቸው፤ መድኃኒት መጣል ለእሳቸው እህል ከመድፋት አይለይም። ለነገሩ የትስ ይጣላል? ሽንት ቤቱ በክረምት ሞልቶ ግቢ ውስጥ ይንሳፈፋል። ከባሮ ሰው ይቀዳል፣ ይታጠብበታል። ቆሻሻ ክምር ላይ ልጆች ይለቃቅማሉ። ያገለገሉትን መርፌዎች በሃይላንድ ጠርሙስ አጠራቅሜ፣ ክዳኑን አጥብቄ ጤና ጣቢያ ነው የምወስደው፤ እዚያ ያቃጥሉታል። የተበላሹትንም በካርቶን አድርጌ እስክወስዳቸው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከፋርማሲ ያመጣሁትን አዲስ ብልቃጥ አዲሱ ማሰሮ ውስጥ ከተትኩ።

ሰኞ ቀትር ላይ ስመጣ አባቴ የሉም። ካርቶኑም የለም። አዲሱ ብልቃጥ እንዳለ ተቀምጧል። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ «አባትሽ አቦቦ መኪና ያዘ። በቆሎ ልየው አለኝ» አለችኝ። አለቀልኝ! ዓይናቸው አታሎአቸው የተበላሸውን ይዘው ሄደዋል ብዬ አዲሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ፔርሙስ ውስጥ ከተትኩና ሲሪንጅ ይዤ ተከተልኳቸው። መኪናው ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያንን ውኃ እየተወጉ ስኳሩ ይወጣል፣ ይጠማቸዋል፣ ያንቀላፋሉ፣ ከዚያ ማን ይቀሰቅሳቸዋል?

ሊመሽ ሲል እርሻቸው ዳር ማንጎው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ካርቶኑ አልተከፈተም።

«አባባ! ይሄ እኮ የተበላሸው ነው! ደህናውን ቤት ትተው መጡ፣ ተሳሳቱ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«አልተሳሳትኩም» አሉ፤ ቀና እንኳ ሳይሉ። «ደህናውን ለምን አባክናለሁ? ስኳር ላለበት ሌላ ሰው ትሰጪዋለሽ።»

«ታዲያ ይሄን ለምን ተሸከሙት?»

«መድኃኒቴን ይዤ የወጣሁ መስሎሽ ልብሽ እንዲያርፍ ነዋ። ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው ጆሮዬ ደህና ነው። ለእህትሽ በስልክ የምትይውን እሰማለሁ። ሂጂ ጅማ። ተማሪ።»

ተናደድኩ። ሲሪንጁን ሞላሁና ወጋኋቸው። አልታገሉኝም። እዚያው ፊታቸው ቆሜ አልመጣም ብዬ ጅማ ደወልኩ፤ እንዲሰሙ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እያለቀሱ በቆሏቸውን ያያሉ።

ሊፈቱኝ ብለው ጭራሽ አጠበቁብኝ። ያን ዕለት ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ አይቻለሁና፣ አሁን ጠዋት ወግቻቸው ወደ ቢሮ ስወጣ በሩን ከውጭ እቆልፍባቸዋለሁ። አንድም ቀን ተቆጥተው አያውቁም። ቁልፉን ስጠመዝዝ ከውስጥ «ሰላም ዋዪ» ይሉኛል።