ከሃምሳ ሃምሳ ዘጠኝ

ዘጠነኛ ክፍል እያለን፣ ሰኔ ሲገባ የትምህርት ቤታችንን ግቢ የወደቀ ማንጎ ሽታ ያውደው ነበር። ከዛፉ ሥር ተኮልኩለን የምናወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለማለፍ ከማጠቃለያ ፈተናው ስንት ማምጣት አለብኝ? ሒሳብ ስለማይከብደኝ የሁሉንም የማሰላው እኔ ነበርኩ።

ዘነበች አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ ትቀመጥ ነበር። ቤተሰቦቿ ደጋው ላይ ገረሴ ናቸው፤ እሷ አርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ከአገሯ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማራለች። እንግሊዝኛው ይቅርና አማርኛውም ገና ስላልቀናት በአንደኛው ሴሚስተር ሒሳብ ያመጣችው አርባ አንድ ነበር። በሁለተኛው ግን ቆርጣ ተነሳች። የሴቻን ዳገት በእግሯ እየወጣች እኛ ቤት ትመጣና እናቴ የቀቀለችልንን ሀለኮ፣ የሽፈራው ቅጠል እየበላን እናጠናለን።

ከዚያ ወባ ጣላት። ተሻላት ስንል አገረሸባት። ከመቶው ሃምሳው የሚያዝባቸው የሒሳብ ፈተናዎች በሙሉ አመለጧት። ስትመለስ መምህራችን "የሐኪም ወረቀት አምጪ" አሏት። ሐኪም ቤት ማን ይውሰዳት? እዚያችው ክፍል ተኝታ ነው ያለፈላት። እናቴ ሄዳ ብትለምናቸውም፣ "እትዬ፣ ለእሷ ብፈቅድ ለሌላው ምን እላለሁ?" ብለው መለሷት።

"የእኔስ?" አለችኝ አንድ ቀን ከማንጎው ሥር። ሒሳብ የወደቀ ክፍል አያልፍም፤ የሁለቱ ሴሚስተር ውጤት ተደምሮ መቶ መሙላት ነበረበት። ሠራሁት፤ ደግሜ ሠራሁት።

"ሃምሳ ዘጠኝ" አልኳት።

"ፈተናው ከሃምሳ አይደል?"

"ከሃምሳ ነው።"

በማግስቱ ግን እንደ ልማዷ ደብተሯን ይዛ መጣች።

"ምን ያደርግልሻል?" አልኳት።

"አባቴ ፈተናው እንዴት ነበር ይለኛላ። አልተቀመጥኩም ልበለው?"

አርባ ስድስት አመጣች። ከክፍሉ የበለጣት አልነበረም። መምህሩ ውጤቷን ሲያነቡ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኛ አጨበጨብን፤ እሷ ቀና አላለችም።

ካርድ የተሰጠ ዕለት አባቷ ከገረሴ ወርደው፣ ዝናብ እንዳበሰበሳቸው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁን። ማንበብ አይችሉም፤ ካርዱን ከእሷ ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ።

"ልጄ፣ አልፋለች?"

"አላለፈችም፣ አባባ።"

"ከሁሉም በልጣለች ብለውኝ ነበር እኮ።"

"በልጣለች።"

ትክ ብለው አዩኝ። እንዴት ሆኖ ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈራሁ፤ አልጠየቁኝም። ከተከራየችው ክፍል ፍራሿን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ እሷ ድስቷን ይዛ ተከተለቻቸው። ሁለት ልጅ ከተማ አስቀምጠው ማስተማር አይችሉምና በቀጣዩ ዓመት ተራው የታናሽ ወንድሟ ሆነ። ዘነበች በዚያው ቀረች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ገረሴ ገበያ አገኘኋት፤ ልጅ አዝላ ድንች ትሸጣለች። ተቃቅፈን ስለ ልጆቻችን፣ ስለ እናቴ ሞት አወራን። ፈተናውን ሁለታችንም አላነሳነውም።

ዛሬም አርባ ምንጭ ነኝ፤ ወባውም አልለቀቀንም። አምና ልጄን አስተኝቷት ፈተና አመለጣት። መምህሯ ራሷ ደውላ፣ "መጀመሪያ ትዳን፤ ፈተናውን ስትመለስ ትወስዳለች" አለችኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጄ ለእሷ የፈራሁ መስሏት፣ "እማ፣ ተሽሎኛል እኮ" እያለች ታባብለኛለች።