የዘር ቆጣሪዋ ባላዎች

በእኛ ደብር እቴቴ ወለተ ሐናን ሳይጠይቅ ልጁን የሚድር አልነበረም። ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት እንዳይዛመዱ ዘራቸው መቆጠር አለበት፤ ማን ከማን ተወልዶ ማንን እንዳገባ ሁሉን በቃል የሚያውቁት ደግሞ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ደርግ መሬቱን ሲወርስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ "ርስት ቀርቷል፤ ተንግዲህ ዘር መቁጠር ምን ይበጃል?" ቢላቸው፣ "መሬቱንስ ውረሱት፤ ወንድምን ተእኅቱ ልታጋቡ ነው?" ብለው አፉን አስያዙት።

አንድ መስከረም ወባ ጣላቸው። ተርፈው ሲነሡ ያስደነገጣቸው የራሳቸው ሞት አልነበረም። "ይህ ሁሉ ሰው ተኔ ጋር ሊቀበር ነበር!" አሉ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ወንድማቸውን አያ አዛናውን አስቀምጠው ሁሉንም አስጠኗቸው።

እኔና ካሴ ልንጋባ ጠላው ተጠምቆ ሳለ አንዲት ምላሰኛ፣ "እነዚህ እኮ ይዛመዳሉ" አለች። ቄስ ያየህ ሳይቆጠር አላጋባም አሉ። ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ ከገባ ሠርግ የለም። ወደ እቴቴ ብንሮጥ ጉልበታቸውን አሟቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደዋል። ወደ አያ አዛናው ብንሮጥ ወገባቸውን አሟቸው አብረው ሄደዋል! አለቀስሁ፤ ምላሰኛዋንም ሁለቱን ሽማግሎችም አንድ ላይ ረገምሁ።

ካሴ ወንዛዬ ድረስ ገሥግሦ አያ አዛናውን በበቅሎ ይዟቸው መጣ። እርሳቸውም ፀጉራቸው ሳይደርቅ በቄሱ ፊት ቆጠሩ። የምንገናኘው በስምንተኛው ቤት ነበር። እልል ተባለ፤ ተጋባን።

እቴቴ ሲመለሱ ይህን ሰምተው ግንባራቸውን መቱ። "ሁለቱን ባላ አንድ ጉድጓድ ተክየ!" ከዚያ ወዲያ ከወንድማቸው ጋር አንድ መንገድ አልሄዱም። አንበሳሜ ከተማ አግብታ የምትኖር ልጃቸውን ሸዋነሽን አስጠኑ፤ እኔንም፣ "አንቺ ደንግጠሻልና አትረሺም" ብለው ጨመሩኝ። በየዓመቱ በሚካኤል ማኅበራቸው ሰብስበው ያስቆጥሩናል፤ አዲስ የተወለደውንም ያስይዙናል። ስም ለዘለለ ጠላ አይቀዳለትም። እኔ ብዙ ጊዜ ተጠምቻለሁ።

እርጅና መጣና አእምሯቸው ከዳቸው። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ብገባ፣ "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ከሰባተኛው ቤት ጀምሬ የገዛ ዘራቸውን ቆጠርሁላቸው። "ደብረወርቅ ወለተ ሐናን ወለደች" ስል ቀና አሉ።

"ወለተ ሐና እኔ ነኝ።"

"አዎ፣ እርስዎ ነዎት።"

"ጠፋሁ ብየ ነበር፤ ለካ አንቺ ዘንድ አለሁ" አሉና ወደ ጓዳ ዞረው ተጣሩ። "ጠላ ቅዱላት!"