የቅዳሜው ሬዲዮና የአዲስ አበባዋ አድማጭ

አንድ ቅዳሜ ጉንፋን ጥሎኝ ከስቱዲዮ ቀረሁና መድኃኒት ልገዛ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ በእግሬ ወረድኩ። ከኦሊምፒክ መንገድ ጥግ ጀምሮ የሁሉም ሱቅ ሬዲዮ የተከፈተው በእኛ ፕሮግራም ላይ ነው። ዜናውን ሥጋ ቤቱ በር ላይ ጀመርኩት፣ ቅመም ሱቁ ጋ መሐሉ ላይ ደረስኩ፣ ጸጉር ቤቱ በር ላይ ጨረስኩት። ፓርክ አድርጎ ደንበኛ የሚጠብቅ ባለታክሲ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ስለነበር መንገድ ስሻገር እንኳ አንድ ቃል አላመለጠኝም። ወይ ጉድ! ለስንት ዓመት ማስታወቂያ አንባቢ ሆኜ ስሠራ ድምፃችን መንገዱን እንዲህ ከዳር እስከ ዳር እንደሚሞላው አላውቅም ነበር። ጉንፋኔን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

የፕሮግራሙ አዘጋጅ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ ሰዉም ጋሼ ብቻ ነው የሚላቸው። ድሮ ታክሲ ይነዱ የነበሩ፣ ክራቫት ሳያስሩ ማይክራፎን ፊት የማይቀመጡ ሰው ናቸው። “ማን ያይዎታል ጋሼ?” ስላቸው፣ “አድማጭን ታከብሪው እንደሆነ ድምፅሽ ላይ ያውቅብሻል” ይሉኛል። ከአንዲት ትንሽ የኤ.ኤም. ጣቢያ ላይ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተከራይተናል። ከእኛ በፊት አንድ ኮሪያዊ ሰባኪ ይገባል፣ ከእኛ በኋላ ደግሞ በስፓኒሽ አሮጌ መኪና የሚሸጥ ሰውዬ አለ፤ እሱ ሲጮህ ጣቢያው ራሱ ይንቀጠቀጣል። ጣቢያችን አቅም የላትም። ፌርፋክስና ፒኮ ላይ ጥርት ትላለች፣ ዳውንታውንም ደህና ናት፤ ኮረብታውን ተሻግረህ ኖርዝ ሆሊውድ ስትገባ ግን ሹ... ብላ ትጠፋለች።

እኔና ጋሼ የተጣላነው በዚህ ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሬዲዮን በስልኩ ማዳመጥ ጀምሮ ነበር፤ እኛም ኢንተርኔት ላይ እንውጣ ብዬ ወጠርኳቸው።

“አንቺ ልጅ፣ ተይኝ! ሰው ስልኩ ላይ ካገኘን ሬዲዮኑን ይጥላል። ሬዲዮኑን ከጣለ ጣቢያዋም እኛን ትጥለናለች። ከዚያ ምን ልንሆን ነው?”

“ኖርዝ ሆሊውድ ያለው ሰው ታዲያ ሐበሻ አይደለም? ለቅሶ የለበትም? ሠርግ የለበትም?”

“ሬዲዮ የሰፈር ነው። ዓለም በሙሉ የሚሰማው ነገር የማንም አይደለም።”

“ኧረ ጋሼ፣ በፈጠርዎት!”

እንዲህ ስንነታረክ ከረምን። እኔ ደግሞ አንዴ ከያዝኩ አለቅም፤ እናቴ “ይቺ ልጅ እንደ መዥገር ናት” ትለኝ ነበር። በመጨረሻ ሰለቻቸው። “ኦኬ፣ ይሁን። ኋላ ግን አልነገሩኝም እንዳትዪ” አሉኝ። ከድምፅ ማደባለቂያው ወደ ላፕቶፕ አንዲት ሽቦ ተዘረጋች፣ በቃ፣ ይኸው ነው።

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ በሕይወቴ አልረሳትም። ስልካችንን እንደከፈትን አንዲት ልጅ ከጅዳ ደወለች። ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት ከማዕድ ቤት በሹክሹክታ ነው የምታወራው። “እየሰማኋችሁ ነው” ብላ ዘጋችው፣ ሌላ ምንም አላለችም። ቀጥሎ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር በረዶ ከሚዘንብበት አገር ደወለ። ቀጥሎ ከመርካቶ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁና ሽቦዋን አፍጥጠው ያዩዋታል። “በዚች ቀጭን ነገር? በዚች?” እያሉ በጣታቸው ነካ አደረጓት። እኔም ስቄባቸው ነበር እንጂ ክንዴን ስነካው ጸጉሬ ቆሟል። በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ድምፃችን ጅዳ ማዕድ ቤት መግባቱን ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል።

ከአድማጮቻችን ሁሉ የታወቁት ግን እማማ ናቸው። አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፤ ልጃቸው እዚህ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። ልጁ በየቅዳሜው ከሥራ ቦታው ይደውልና “እናቴን ሰላም በሉልኝ” ይላል። እዚህ ጠዋት ሲሆን እዚያ መሽቷል፤ እማማ ስልካቸውን ብርጭቆ ውስጥ ይከቱታል፣ ድምፁ ጎላ እንዲል፣ ከዚያ እራታቸውን ትተው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ራሳቸው ደወሉልን፤ ያውም በቀጥታ ስርጭት። “ያቺ ማስታወቂያ የምታነበው ልጅ ማን ነው የሚያባርራት? ቀስ ብላ ታንብብልን እንጂ!” ጋሼ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሰፈሩም “ማን ነው የሚያባርርሽ?” እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣኝ። ከዚያ ወዲህ እኔና እማማ ወዳጅ ሆንን። ያን ቀን ልጃቸው መስመር ላይ ሆኖ ሲስቅ አሁንም ይሰማኛል።

ያ ልጅ አንድ ሐሙስ ቀን ሥራ ላይ እንዳለ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። ሆስፒታል አልደረሰም። ሚስቱ ከእኛ ብዙም ሳትርቅ ሚድ ሲቲ ነው የምትኖረው፤ ዓርብ ማታ ደውላ ስትነግረን ጋሼ ስልኩን ይዘው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ሊላክ፣ ሽኝቱ ሰኞ ቤተ ክርስቲያን ሊደረግ ነው። ሰዉ ካልሰማ ማን ይመጣል? ባለታክሲው፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ የሬስቶራንቱ ሰው ቅዳሜ ጆሮው እኛ ጋ ነው። እማማ ግን አልተረዱም። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ቤት ተሂዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በንጋት ነው የሚነገረው፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ እንዲኖር። ወንድሞቻቸው ከደብረ ብርሃን መጥተው ከንስሐ አባታቸው ጋር እሁድ ንጋት ሊያረዷቸው ተስማምተዋል። እስከዚያ ልጃቸው ሥራ ስለተደረበበት አይደውልም ተብለዋል። ስልኩን እንውሰድባቸው ቢባል ይጠረጥራሉ። ፕሮግራሙ ጨርሶ ቢቀርም ይጠረጥራሉ።

ሚስቱ እያለቀሰች አንድ ነገር ብቻ ለመነችን። “ሎስ አንጀለስ ይስማልኝ። እናቱ ግን ብቻዋን ቁጭ ብላ እንዳትሰማ። እባካችሁ።”

ከስንት ሙግት በኋላ ያቺን ሽቦ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የምነቅላትም እኔ መሆኔ ነው። ከጋሼ ጋር እንዲህ ተስማማን። የሐዘን ማስታወቂያው ሲደርስ እሳቸው በቴክኒክ ምክንያት እንቋረጣለን ይላሉ፣ እኔ ሽቦዋን እነቅላለሁ፣ ከዚያ በሬዲዮ ብቻ አነባለሁ። ድምፃችን ኮረብታው ጋ ሲደርስ ያልቃል። ስንት ዓመት የረገምኩት ኮረብታ!

ቅዳሜ ጋሼ ክራቫታቸውን አስረው መጡ፤ ዓይናቸው ግን ቀልቷል። ዜናው አለፈ፣ ዘፈን አለፈ። እጄን ሽቦዋ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ጋሼ ደግሞ ጨዋ ሰው አይደሉ? ዝም ብሎ መቋረጥ እንዴት ይሆንላቸዋል! ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “በኢንተርኔት የምትከታተሉን ወገኖቻችን፣ በቴክኒክ ምክንያት ለጥቂት ደቂቃዎች እንለያያለን” አሉ። ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን መሰናበት አለባቸው። “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አሉ።

“ያቆያችሁ” ሊሉ ነው እኮ! ሁልጊዜ የሚሉት እሱን ነው። ያጽናችሁ የሚባለው ለማን እንደሆነ ሐበሻ ሆኖ የማያውቅ የለም። ለቅሶ ቤት ካልሆነ በቀር ማን ማንን ያጽናችሁ ይላል?

ሽቦዋን መነጨቅኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ ሽቦዋ ሳትነቀል ወጥቶ ይሂድ ወይ ተቆርጦ ይቅር አላወቅኩም። ቀና ብዬ ጋሼን አየኋቸው። ምን እንዳሉ ራሳቸው አላስተዋሉም፤ “አንብቢ” ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። የልጁን ስም፣ የሚስቱን ስም፣ ለቅሶ የሚደረስበትን ቤት አነበብኩ። ስጨርስ ሽቦዋን መልሼ ሰካሁና ጋሼ በደህናው ድምፃቸው ዘፈን ጋበዙ። ስለዚያች ቃል ለማንም አልተነፈስኩም። ምናልባት አልደረሰች ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤቱ ስሄድ መኪናዬን የት ላቁም? ሰፈሩ በሙሉ በታክሲ ተሞልቷል። የፓርኪንግ ሠራተኞች ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ መጥተዋል፣ ግማሾቹ ልጁን በስሙ እንኳ አያውቁትም። ደረጃው ላይ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ጓሮው ላይ ሰው። ከኖርዝ ሆሊውድ የመጡም ነበሩ፤ እዚህ የሰማው እዚያ ላለው በየስልኩ ነግሮ። አንድ ሰውዬ ለሌላው “በሬዲዮ ሰማሁና ደንበኛዬን አድርሼ ቀጥ ብዬ መጣሁ” ሲለው ሰማሁ። እዚያ ደረጃ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ለልጁም፣ ለዚያ ሁሉ ሰውም። ያቺ አቅመ ቢስ ጣቢያ ያን ሁሉ ሰው ጎትታ አምጥታው ነው።

ማታ፣ አዲስ አበባ ሲነጋ፣ ሚስቱ ደወለች። ተረድተዋል። ዘመድ ሁሉ ነበረ፣ እንደ ወጉ ነው የሆነው፣ እማማ ጸንተዋል አለች። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው “ተመስገን!” አሉ። እኔም ተነፈስኩ። ቃሏ አልደረሰችም ማለት ነው አልኩ።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው። ተላቀስን። ልጃቸው የት ይቀመጥ እንደነበር፣ ምን ይበላ እንደነበር ጠየቁኝና የማውቀውን ነገርኳቸው።

“ልጄ፣ ያን ዕለት ሰምቻለሁ” አሉኝ።

“ምኑን እማማ?”

“ያጽናችሁ ብሎ ድምፁ ጠፋ። ሌላ ጊዜ ሐዘን ስታነቡ ቆርጣችሁብን አታውቁም። ማን እንዳይሰማ ነው የሚቆረጠው? ከአገር ቤት በየቅዳሜው ስሙ የሚጠራ እኔ ነኝ። ልጄም አልደወለም። በቃ፣ ገባኝ።”

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

“ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና ቁጭ ብዬ አደርኩ። አልጮህኩም። ሊነጋ ሲል በሩ ሲንኳኳ ነጠላዬን መለስኩትና ከፈትኩላቸው። ‘በዚህ ጠዋት ምን እግር ጣላችሁ?’ አልኳቸው። ወንድሞቼ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት እንነግራታለን ብለው እየተጨነቁ መጥተው፣ አውቄዋለሁ ልበላቸው? ቄሱም ሽማግሌ ናቸው። እንደ ወጉ አረዱኝ፣ እንደ ወጉ አለቀስኩ።”

ሌሊቱን በሙሉ ብቻቸውን! ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። እኔ ሐዘን የሚችል ሰው አይቻለሁ፣ እንደዚህ ያለ ግን አላየሁም፤ ልጁ ሞቶበት ለመርዶ ነጋሪዎቹ የሚያዝን ሰው የት አለ?

“አንድ ነገር አደራ” አሉኝ ቀጥለው። “ያጽናችሁ ላለው ሰውዬ እንዳትነግሪው። ለልጄ ልቡ ተሰብሮ ባይሆን አይሳሳትም ነበር። እኔ ነኝ ያረዳኋት ብሎ ከሚጸጸት አንቺ ሆድ ይፍጀው በዪ።”

“እሺ እማማ” አልኩ።

ቅዳሜ ስቱዲዮ ስገባ ጋሼ ቀድመውኝ ደርሰዋል፤ ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ደረታቸው ነፍቷል። ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ሬዲዮ ሊሞት ነው የሚል ወሬ ሰምተው ተናደዋል። ገና ሳልቀመጥ ጀመሩኝ።

“አየሽ አንቺ ልጅ፣ ኢንተርኔት ምስጢር አያውቅም። ያን ዕለት ሬዲዮኗ ባትኖር እኚያን እናት ምን ይውጣቸው ነበር? የሰፈሩን ለሰፈሩ ይዛ አስቀረችልን። እሷ ባትኖር ብቻቸውን ሰምተው ያድሩ ነበር እኮ! ወይስ ተሳሳትኩ?”

ክራቫታቸው ዛሬም ልክ ነው። ፊታቸው በርቷል፣ መልሴን ይጠብቃሉ።

“እውነትዎን ነው ጋሼ” አልኩና ማይክራፎኑን አስጠጋሁላቸው።