ማንም ያልመታው ኳስ

ኤርቪን ዱሴ ዛሬ የግንድ መኪና ሹፌር ነው። ማለዳ በቤቴ በር ሲያልፍ ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ ሰላም ይለኛል። የምጽፈው ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊጨርስ ስለነበረበት መኸር ነው።

የተወለደው ከአጥሬ ማዶ ነው። አባቱ ሌስተርም ግንድ ይጭን ነበር። እናቱ ኮሪን በዶሮ ማረጃው ፋብሪካ ክንፍ ትቆርጣለች። ሌስተር ከሥራ ሲመለስ ቦቲውን እንኳ ሳያወልቅ ጓሮ ይቆምና ለልጁ ኳስ ይወረውርለታል። ኳሱ በእጅ የሚያዘው የአሜሪካ እግር ኳስ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ ከቆዳ የተሠራ ስለሆነ አያያዝ ይፈልጋል። ከደረት በላይ ሲመጣ አውራ ጣቶች ይጋጠማሉ፤ ከወገብ በታች ሲመጣ ትንንሾቹ ጣቶች። "በደረትህ አትቀበለው፣ ደረት ጣት የለውም" ሲለው በወጥ ቤቴ መስኮት እሰማ ነበር።

ልጁ ሲያድግ ረጅምና ቀጭን ሆነ፤ ጣቶቹም አብረው ረዘሙ። በትምህርት ቤቱ ቡድን የዳር ተቀባይ አደረጉት። በሜዳው ጠርዝ ሮጦ፣ ወርዋሪው የሚልክለትን ረጅም ኳስ እየያዘ ወደ ፊት መክነፍ ነው ሥራው። ቶሊቨር ትንሽ ከተማ ናት፤ ዓርብ ሲመሽ ሱቁም ጋራዡም ተዘግቶ ሁላችንም ለጨዋታው ሜዳው ላይ ነን።

በሐምሌ ሌስተር መኪናው መሪ ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ልብ ነው አሉ። ኤርቪን በቀብሩ አላለቀሰም። የቤተ ክርስቲያኑን ወንበሮች አጣጥፎ መለሰ። ምግብ የመጣበትን ሳህን ሁሉ አጥቦ፣ ከሥሩ በፕላስተር የተለጠፈውን ስም እያነበበ ለየቤቱ አደረሰ። የእኔን ሲያመጣልኝ "አመሰግናለሁ ሚስ ኔል፣ ባቄላው ጥሩ ነበር" አለኝ። ባቄላውን ግን ሲበላ አላየሁትም።

የውድድሩ ወራት ሲገባ ኳስ ያመልጠው ጀመር። ኳሱ እጁ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ መሬት ላይ ይገኛል። አይናደድም፣ ራሱን አይመታም። ቆሞ ያየውና ወደ ቦታው ይመለሳል። አሰልጣኙ ኮች ባርነም "ዓይንህ ከኳሱ ቀድሞ ይሮጣል ልጄ። መጀመሪያ ያዘው፣ ከዚያ የምትሄድበትን እይ" ይለዋል።

"እሺ ኮች።"

ከመጨረሻው በፊት በነበረው ጨዋታ አንድ ኳስ እንደምንም ያዘ። ግን በሜዳው መሃል በኩል ባለው ክንዱ፣ ተጋጣሚዎቹ በሚመጡበት በኩል አቀፈው። ይህን ሕፃን እንኳ አያደርገውም፤ ኳስ የሚታቀፈው በውጭ በኩል ነው። አንዱ ከኋላ ደርሶ በቡጢ አስጣለው፤ በዚያው ተሸነፍን።

በእኛ ከተማ ለዚህ ደንብ አለ። ኳስ ያስነጠቀ ተጫዋች ከሰኞ እስከ ዓርብ ኳሱን ታቅፎ ይውላል፤ ክፍልም፣ ምሳ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም። መጎተት ክልክል ነው እንጂ ማንም ሰው መትቶ ሊያስጥለው ይችላል። ከወደቀበት ዓርብ አይሰለፍም፣ ከተጠባባቂ ወንበር አይነሳም።

በፊተኛው ዓመት ተራው የወርዋሪው የታይሪ ነበር። ከተማው በሳቅ ነው የከረመው። ፀጉር አስተካካዩ ሚስተር ጁልስ ከደጃፉ ሆኖ "ታይሪ፣ የጫማህ ክር ተፈቷል" ይለዋል።

"የተጫማሁት ነጠላ ጫማ ነው፣ ሚስተር ጁልስ።"

"እስቲ ለማንኛውም ጎንበስ ብለህ እየው።"

ፓስተራችን እንኳ "ለጸሎት እጆችህን ዘርጋ ልጄ" ብለውት፣ "አንዱን ብቻ ነው የምዘረጋው ፓስተር፣ ጌታ ይረዳኛል" ብሏቸዋል። እስከ ዓርብ ሳይጥል ደረሰ፤ በዚያ ዓርብ ጨዋታም አንድ ኳስ እንኳ አላስነጠቀም።

ሰኞ ኮች ባርነም ኳሱን ለኤርቪን ሰጠው። የሚቀረው ጨዋታ አንድ ነበር፣ ከጎረቤት ከተማ ጋር። ለቡድኑ የጠራው ኮሌጅ አልነበረም፤ ከዚያ ዓርብ ወዲያ ማሊያ አይለብስም። ይህን እሱም እኛም እናውቅ ነበር።

የምሠራው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም በሚበላበት በትምህርት ቤቱ ምሳ ቤት ስለነበር አየሁት። ኳሱን ደንቡ እንደሚለው ይዞታል፦ ጣቶቹ ጫፉን ሸፍነው፣ ክንዱ ከሥር፣ ሌላኛው ጫፍ ብብቱ ውስጥ ተወትፎ፣ ከጎድኑ ተጣብቆ። በአንድ እጁ ትሪውን አቀረበልኝ፤ ቀይ ባቄላና ሩዝ አደረግሁለት። ታይሪ ከሰልፉ ኋላ "አንተ፣ እጅህን በሳሙና አሽተህ ሳትለቀልቅ ነው እንዴ ያን ቀን የመጣኸው?" ብሎ ጀመረ። አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሸመው። ታይሪ ዓይኑን ወደ ትሪው መለሰ። አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ኳሱን ልትመታ እጇን ስታነሳ መምህርቷ የእጇን አንጓ ያዘች።

ማክሰኞም እንዲሁ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ከኳሱ አሽሽቶ "እናትህ እንዴት ናት?" ይላል። "ደህና ናት" ይላል እሱ። ሚስተር ጁልስን ስጠይቀው "እንዴት ልምታው ሚስ ኔል? አባቱን የቀበረው በቀደም። እጄ እምቢ አለኝ" አለኝ። እኔም ብሆን አልመታሁትም።

ረቡዕ ኤርቪን ኳሱን እንደ ዳቦ ብብቱ ሥር ሸጎጠው። ሐሙስ ቁልቁል አንጠልጥሎት ነበር የሚሄደው፤ የሚያየው ሰው የሱ ኳስ ነው አይልም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከኮሪን ጋር በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን ፔካን የሚባለውን ቅርፊታም ፍሬ እንፈለፍላለን። ኤርቪን ደረጃውን ወጥቶ ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ።

"ዛሬ ማን ሞከረህ?" አለችው እናቱ።

"ማንም።"

"ትናንትስ?"

"ማንም አልሞከረም፣ እማማ።"

"ሳምንቱን ሙሉ?"

"ሰላም ይሉኛል።"

ኮሪን ቅርፊቱን ከቀሚሷ አራግፋ ተነሳች። ወደ ቤት የምትገባ መስሎኝ ነበር። በአጠገቡ ስታልፍ ኳሱን ከሥር ወደ ላይ በቡጢ መታችው። ስንት ዓመት ክንፍ የቆረጠች እጅ ናት። ኳሱ ከእጁ ተፈናጥሮ ደረጃውን እየነጠረ ወረደና ጎመኑ መሃል ቆመ።

"አንሳው" አለችው።

"ነገ አልጫወትም ማለት እኮ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"የመጨረሻዬ ነው፣ እማማ።"

"እሱንም አውቃለሁ። አንሳው።"

"ኮሪን፣ ያየነው እኛ ብቻ ነን" አልኩ ቀስ ብዬ። ተመልሳ ተቀመጠች። ሌላ ፔካን አነሳች፤ እጇ ግን አልፈለፈለም።

ኤርቪን ኳሱን አንስቶ አፈሩን በሱሪው ጠረገ። መንገዱን ይዞ ወደ ኮች ባርነም ቤት ሄደ። ብዙም ሳይቆዩ አብረው መጡ። ኮች ባርኔጣውን አውልቆ ደረጃው ሥር ቆመ።

"ሚስ ኮሪን፣ እናት አትቆጠርም።"

"ማን አለ?"

"ደንቡ የኔ አይደል? እኔ ነኝ የምለው።"

"ማንም ሰው አይደል ያልከው? እኔ ሰው ነኝ።"

"ይህ ልጅ ነገ ባይሰለፍ እኮ..."

"ኮች፣ ይህን ልጅ ከሐምሌ ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም። እኔም አልነካሁትም። እንደ እንቁላል ነው የምንይዘው።"

ኮች ወደ ኤርቪን ዞረ። "ኳሱ የነበረው በአንተ እጅ ነው። አንተ ምን ትላለህ?"

ኤርቪን ኳሱን አገላበጠው። "ወድቋል፣ ኮች" አለ።

ወሬው ከእራት በፊት ከተማውን አዳረሰ። ሰው በኮሪን አዘነ፤ አንዳንዱም ልቧ ደነደነ አለ።

ዓርብ ጠዋት ኤርቪን ኳሱን ታቅፎ ወጣ። ከወንበር ባይነሳም ኳሱን እስከ ጨዋታው መያዝ አለበት። ሚስተር ጁልስ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ከሱቁ ወጣና ኳሱን መታው። ኳሱ ንቅንቅ አላለም።

"ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ያጠበቅከው?" አለው።

"ከትናንት ወዲህ።"

"እኔም ከሰኞ ጀምሮ ልመታህ ይገባኝ ነበር" አለና ተመልሶ ገባ።

ከዚያ ሌላውም ተከተለ። ቢወድቅም ባይወድቅም የሚለወጥ ነገር አልነበረም፣ ግን መቱት። ያቺ የአንደኛ ክፍል ልጅ በሁለት እጇ መታችው፤ መምህርቷም አልያዘቻትም። ፓስተሩ መንገድ ተሻግረው መጥተው መቱት። ታይሪ ምሳ ቤት ውስጥ ሰልፉን ጥሶ መጣና "ይቺ የሰኞዋ፣ ይቺ የማክሰኞዋ፣ ይቺ ደግሞ ዕዳ እንዳይቀርብኝ" እያለ ደበደበው። ኤርቪን አልሳቀም። ክንዱን ይበልጥ ወደ ጎድኑ ሰበሰበ። ሩዙን ሰጠሁት። እኔም በጭልፋዬ እጀታ ኳሱን ነካ አደረግሁት። ቀና ብሎ አየኝ።

ኳሱ አልወደቀም።

ጨዋታው ላይ ንጹሕ ማሊያውን ለብሶ ወንበር ላይ አመሸ። በሱ ቦታ የገባው ከሱ በታች ክፍል ያለ አንድ ልጅ ነበር። በመጨረሻ ታይሪ የላከለትን ኳስ ያዘና አሸነፍን። ሰዉ ሁሉ ተነሳ። ኤርቪንም ተነስቶ በነጻ እጁ ጭኑን እየመታ አጨበጨበ። ኮሪን መቀመጫዋ ላይ እጆቿን በካፖርቷ ኪስ ከትታ ልጇን ብቻ ታይ ነበር። ሲያልቅ ኳሱን ለኮች ሰጠው። ኮችም ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። አበቃ።

ቅዳሜ ጠዋት ለኮሪን የበቆሎ ዳቦ ላደርስ ሄድኩ። ኤርቪን በካናቴራ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ። ግራ ክንዱ ከብብቱ እስከ አንጓው ጠቁሮ አብጧል።

"ያመኛል፣ እማማ" አለ።

"የቱ ጋ?"

"እዚህ። እዚህም።"

ወንበር ሳበችለት። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ ክንዱ ላይ አደረገችና ቀስ ብላ ተጫነችው።

"እዚህስ?"

"ኧረ ቀስ" አለ፤ ግን ክንዱን አልሰበሰበም።