አምፕሊፋየሩ ገና አልተሠራም

በአንድ እጇ መበየጃውን፣ በሌላው የቀለጠውን የብየዳ ሊድ የምትመጥጥበትን ትንሽ ፓምፕ ይዛ፣ የተቃጠለውን አይሲ፣ ያንን ባለ ብዙ እግር ጥቁር ቁራጭ፣ እግር በእግር ትፈታለች። ጢሱ ዓይኗን ሲወጋት ፊቷን ዘወር ታደርጋለች እንጂ አታቆምም። ሰፈሩ «ጠጋኟ» ይላታል። ራዲዮም ይሁን ቴሌቪዥን፣ ድምፁ የጠፋ ዕቃ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሷ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። የዛሬው ግን የደንበኛ አይደለም፤ የታላቅ ወንድሟ የጊታር አምፕሊፋየር ነው።

ወንድሟ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ዕድሜውን በየአዳራሹ ጊታር ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እቤት እየተለማመደ ሳለ በግንባሩ ተደፋ። እሷ ብርድ ልብስ ስባ ልታለብሰው ስትል ጎረቤት ደረሰ፤ ተሸክመውት ሮጡ። ብርድ ልብሱ፣ እንደበራ በቀረው አምፕሊፋየር ጀርባ ላይ ወድቆ ቀረ። በዚያ ድንጋጤ ማን አስታውሶ ያጠፋዋል? ከሆስፒታል ሲመለሱ ብርድ ልብሱ ጠቁሯል፤ ድምፁን ወደ ስፒከሩ የሚገፉት ሁለቱ አይሲዎች ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ተቃጥለዋል። ስትሮክ ነው ተባለ፤ የወንድሟም ግራ እጅ ደንዝዞ ቀረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለእሱ ባዳ የሆነችበት ግን ያቺ የጊታር ክር ስትጫን የኖረች እጁ ናት።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ያለቀሰ የለም። የሳቀም የለም። ምሳ ይቀርባል፣ ይበላል፣ ሳህኑ ይታጠባል።

የድሮ ጓደኛው ድራመሩ ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ፣ ወንድሟ በአገጩ ወደ አምፕሊፋየሩ ጠቆመና «ውሰደው፣ እኔ ምን ላደርገው?» አለው፣ ያረጀ ጋዜጣ እንደሚሰጥ ሰው። ጠጋኟ ሰማች። ዛሬ አምፕሊፋየሩን፣ ነገ ጊታሩን፣ ከዚያስ ምን ይቀረዋል? መፍራት እንዳለባት ታውቃለች፤ ፍርሃቱ ግን በወፍራም ጓንት የያዘችው ነገር ይመስል በደንብ አልተሰማትም። «ሠርቼ እሰጥሃለሁ» ብላ ድራመሩን ሸኘችው። ሊወስደው የሚመጣው ዛሬ ነው።

አዲሶቹን አይሲዎች ሙቀት ከሚያወጣው አልሙኒየም ጋር ከማሰሯ በፊት በመሐል ኮረንቲ የማያሳልፍ ስስ ሚካ አስገባች፣ ሙቀት የሚያሻግረውን ነጭ ቅባት ቀባች። ሚካው ከተረሳ ብረት ከብረት ይነካካና የተለፋበት ሁሉ በአንድ ብልጭታ ይሄዳል። ከዚያ በሶኬቱና በአምፕሊፋየሩ መሐል አምፖል አገናኝታ አበራችው። አምፖሉ ቦግ አለና ደከመ። ደግ ነው፤ ቦግ እንዳለ ቢቀር ኖሮ የሆነ ቦታ ተነካክቷል ማለት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ተመስገን» ትላለች። ዛሬ አየችው፣ በቃ።

«ወንድም ጋሼ፣ ና እስቲ የዚህን የጊታር ገመድ ጫፍ ንካልኝ።»

«ምነው፣ ኮረንቲ ልታስይዢኝ ነው?»

«አንተን ኮረንቲም አይደፍርህ። ና።»

«አንቺው ንኪው።»

«እኔ የድምፁን ቁልፍ ልያዝ።»

እግሩን እየጎተተ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና ቀኝ እጁን ዘረጋ።

«በግራው» አለችው።

ዞሮ አያት። «ግራውማ እንጨት ነው። እንጨት ተሸክሜ እንደምዞር አታውቂም?»

«እንጨት ከሆነ እናየዋለን።»

መጀመሪያ የመፍቻዋን የእንጨት እጀታ ከገመዱ ጫፍ አስነካች። አምፕሊፋየሩ ጭጭ። ቀጥላ የወንድሟን ግራ እጅ አንሥታ ሌባ ጣቱን እዚያው ጫፍ ላይ አሳረፈችው። ስፒከሩ እምምም አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ብሎኖች የሚያንቀጠቅጥ ወፍራም ጉርምርምታ። ጣቱን ስታነሣው ጠፋ። ስትመልሰው መጣ።

«ተሰማህ?»

«በጣቴ? ምንም። በጆሮዬ ግን ሰማሁ።»

«ለሰው ገላ ነው እንዲህ የሚጮኸው። ለእንጨት ዝም እንዳለ አይተሃል።»

እሷ እጁን ስትለቀው በቀኙ የግራውን አንጓ ደግፎ ጣቱን እዚያው አቆየው። ጉርምርምታውም አልተቋረጠም።

በሩ ተንኳኳ።

«ጠጋኟ! አለቀ ወይ? ጋሪ ይዤ መጥቻለሁ!» ድራመሩ ነው።

ወንድሟ ጣቱን ሳያነሣ፣ «ገና ነው በይው» አላት በሹክሹክታ።

«ገና ነው!» አለች ጮክ ብላ። «ሲያጉረመርም አትሰማም እንዴ?»

«አንቺን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሚያቅትሽ? ነገ ልምጣ?»

ወንድሟን አየችው። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

«ነገም እንጃ!»

የጋሪው ጎማ እየተንሲያጠጠ ራቀ።

እንግዲህ በዚያ በር በኩል ስታልፉ ከውስጥ ረጅም ጉርምርምታ ብትሰሙ፣ «ዕቃችሁ ተበላሽቷል» ልትሉ አታንኳኩ። ድራመሩም መንገድ ላይ አግኝቶ ቢጠይቃችሁ፣ ገና አልተሠራም በሉልኝ፤ አደራ።