ገንዘባችን ስልክ ውስጥ ሳለ

ወንድሜ ከሳዑዲ የተመለሰው አገሩ ሁሉ በለውጡ ሲጨፍር ነው። ያኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የአዲሱ መሪ ፎቶ ያልተለጠፈበት የመኪና መስታወት አልነበረም። ወጣቱ ባጃጅ ላይ ተንጠልጥሎ እየዘፈነ ያልፋል። እኔ አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ልብስ እሰፋ ነበር። አንድ ከሲታ ሰው በሬ ላይ ቆሞ፣ "እታለም፣ ሱሪ ታሳጥሪልኛለሽ?" ሲለኝ በድምፁ እንጂ በመልኩ አላወቅሁትም። ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ እጁ ላይ ከአንዲት ፌስታል በቀር ምንም የለም። ፖሊስ ከሥራ ቦታው ይዞ አስሮ፣ ከእስር ቤት በቀጥታ አውሮፕላን ላይ ጭኖ ነው የሸኘው።

አባትና እናቴ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለች መንደር ነው። የዚያኑ ቀን አብረን ሄድን። እናቴ አንገቱን አቅፋ አልቅሳ ስታበቃ ፌስታሏን አየቻት።

"ልጄ፣ ያን ያህል ዘመን ለፍተህ ይችን ብቻ ነው የሰጡህ?"

"ይችንም የሰጠኝ አብሮኝ የታሰረ ሰው ነው፤ እማዬ። ገንዘቤን ግን አልነኩብኝም።"

"የት አለ?"

እሱም ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። እናቴ ፀሐዩ የነካው መስሏት ደነገጠች።

ቀስ ብሎ ነው ያስረዳን። እዚያ በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ሰው ባንክ አይገባም። ደሞዙን ፍራሹ ውስጥ ይደብቃል፤ ሲያዝ ፍራሹ እዚያው ይቀራል። ወንድሜም አንድ ጊዜ እንደዚያ ሆኖበት የሁለት ዓመት ልፋቱ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ አንድ ሱዳናዊ የሥራ ባልደረባው ክሪፕቶ የሚባለውን አሳየው፦ በስልክ የሚገዛ፣ በስልክ የሚላክ፣ ባንክም መንግሥትም የማይዘው ገንዘብ። ስልኩ ቢጠፋ እንኳ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በቅደም ተከተል ያወቀ ሰው ከሌላ ስልክ ላይ ያገኘዋል። ወንድሜ በልጅነቱ ቁርአን ቤት ቁጭ ብሎ እንደቀራው አድርጎ ቃላቱን በቃሉ ያዛቸው። ልብሱን እንኳ ሳያስይዙት ሲያባርሩት ገንዘቡ አብሮት መጣ።

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም የማላይ" አለች እናቴ። ሁላችንም ሳቅን።

ወተቷን ግን አየን። እናቴ በሞራ ምክንያት አንድ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። ወንድሜ ስልክ ገዝቶ፣ ቃላቱን አስገብቶ፣ ከክሪፕቶው፣ እሱ ሳንቲም ከሚለው፣ ጥቂቱን ደሴ ላለ አንድ ነጋዴ ላከለት፤ ሰውየው እዚያው ቆመን ሳለ ብሩን በእጃችን ቆጠረልን። በዚያ ገንዘብ የዓይኗ ሞራ ተገፈፈ። ፋሻው የተፈታ ቀን በዚያች ዓይኗ መጀመሪያ ያየችው የወንድሜን ፊት ነበር። "አርጅተሃል ልጄ" አለችው፤ እሱም እየሳቀ አለቀሰ። እኔ በዚያ ነገር ማመን የጀመርሁት ያን ቀን ነው። ዛሬም ውሸት ነበር ማለት አልችልም።

አባቴ ስኳር በሽታ ነበረበት፤ የሚኖረው በየቀኑ በሚወጋው ኢንሱሊን ነው። ጉልበቱ ሲከዳው መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ በሬዎቹ ያለ ሥራ ቆመው ይበሉ ነበር። ሊሸጣቸው አሰበ፤ ግን ብሩን ምን ያድርገው? ብር ስታስቀምጣት ትቀልላለች፤ ባንክ ደግሞ ወለድ አለበት ብሎ ይሸሻል። የመንደራችንን ሼህ ሄዶ ጠየቃቸው። ሼሁ ስለ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ጠይቀውት፣ "እኔ ያልገባኝን ነገር ሐላልም ሐራምም አልልህም። ልጅህን ታምነዋለህ?" አሉት።

"አምነዋለሁ።"

"እንግዲያው በልጅህ ነው የምታስቀምጠው፤ በነገሩ አይደለም።"

በሬዎቹ ለገበያ ሲነዱ አባቴ አልሸኛቸውም፤ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ተቀመጠ። ወንድሜ በብሩ ሳንቲም ገዝቶ፣ ስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር ለአባቴ አሳየው። አባቴ ቁጥሩን ካየ በኋላ፣ "የትኛው ነው ቀዩ?" ብሎ ጠየቀ። ቀዩን በሬ ይወደው ነበር። እኔም ሌላ የስፌት መኪና ልገዛበት ያጠራቀምሁትን ለወንድሜ ሰጠሁት።

በሰሜን የተነሣው ጦርነት መጀመሪያ የሩቅ ወሬ ነበር። ከዚያ የቆቦና የወልድያ ሰው በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣ ጀመር፤ ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ። የጎረቤቴ ሻይ ቤት ባለቤት ለተፈናቀሉት እንጀራ ስትሰጥ ሰንብታ፣ አንድ ቀን እሷም ዕቃዋን ስትጠቀልል አየኋት። ባንክ በር ላይ ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ደረሰ፤ ግማሹ ሰው ገንዘቡን ሳያገኝ ባንኩ ተዘጋ። ወንድሜ ያን ሰልፍ አይቶ ሲመጣ፣ "አብሽሪ፣ የእኛ የትም ብንሄድ አብሮን ይሄዳል" አለኝ። ሲኮራ አልነበረም፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። እኔም ተጽናናሁ።

የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከውጫሌ በኩል ሲቀርብ የስፌት መኪናዬን ራስ ነቅዬ፣ በነጠላ አዝዬ ወደ አርዲቦ ሄድሁ። ከሰሜን የመጡት ተዋጊዎች ከተማዋን በያዙ ማግሥት መብራት ጠፋ፤ ከዚያም ስልክ ጠፋ። ወንድሜ ስልኩን በጎረቤት ሶላር እየሞላ ደጋግሞ ያያል። ቁጥሩ አለ፤ ግን የቆየ ቁጥር ነው፤ አይንቀሳቀስም። ሊልከው ሲሞክር የሚሽከረከር ክብ ነገር ብቻ ይመጣል።

የአባቴ ኢንሱሊን ማለቅ ጀመረ። እርጥብ አሸዋ ውስጥ በቀበርነው እንስራ ነበር የምናስቀምጠው። እናቴ ብልቃጡን በየጠዋቱ እያወጣች ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየዋለች፤ በዚያች በበራች ዓይኗ። ከተማ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተከፈተው ባዶ ነው። አንድ የመድኃኒት ነጋዴ ግን ከከተማው ሲወጣ ያለውን ሸክፎ ከእኛ ማዶ ካለች መንደር እንደተሸሸገ ሰማን። ወንድሜና እኔ ሄድን። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ አንድ ብልቃጥ በዱቤ ሰጠን። ወንድሜ ስልኩን አሳይቶት፣ "ወላሂ ገንዘብ አለኝ፤ ኔትወርክ ሲመጣ እጥፍ እሰጥሃለሁ" አለው።

"ወንድሜ፣ አልተጠራጠርሁህም" አለ ነጋዴው። "ግን እኔስ ልጆቼን የማበላበትን ጤፍ ባለቤቷ በስልክ አትሸጥልኝም። የሚቀጥለውን በብር ይዘህ ና።"

ብር የሚባል ነገር ግን ከየት ይመጣል? ያለው ሰው ደብቆታል። የስፌት መኪናዬን ራስ ልሸጠው ይዤ በየቤቱ ዞርሁ፤ በዚያ ሰሞን ልብስ የሚያሰፋ ማን አለ? አንዱ ሽማግሌ በኀዘን እያየኝ፣ "ልጄ፣ በሬ ቢሆን አርደን እንበላው ነበር፤ እኔም ያለኝን እሰጥሽ ነበር" አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ከመንደሩ በላይ የእኛም የከተማውም ሐይቅ የሚታዩበት ጉብታ አለ፤ ኔትወርክ ይይዛል ተብሎ ሰው እዚያ ይወጣ ነበር። እኛም ወጣን። እናቶች ስልካቸውን እንደ ዱዓ እጃቸውን ዘርግተው ይይዛሉ፤ አንዱ ድንጋይ ላይ፣ ሌላው ዛፍ ላይ ወጥቷል። ሁሉም የሚፈልገው የሰው ድምፅ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ልጅ፣ ዓረብ አገር ያለች እህት። አንዲት ሴት ወንድሜን፣ "አንተስ ማንን ነው የምትፈልግ?" አለችው።

"አባቴን" አላት። አባታችን ከታች ቤት ተኝቷል።

ሁለተኛ ወደ ነጋዴው ስንመለስ የቀረውን መድኃኒት ብር ለያዘ ሰው ሸጦ ጨርሶታል። ዱቄት የነካ እጁን እያራገፈ ይቅርታ ጠየቀን። ሌላ ኢንሱሊን ያለው ሰው ከአምባሰል በኩል እንዳለ፣ እሱም ያለ ብር እንደማይሰጥ ነገረን። ደግሞ ከአምባሰል ገደል አፋፍ ላይ ወደ ምዕራብ ለዞረ ኔትወርክ ይይዛል ይባል ነበር። ወንድሜ እሄዳለሁ አለ። ለመሄድ አስፋልቱን ማቋረጥ ግድ ነው፤ አስፋልቱ ደግሞ በተዋጊዎች ተይዟል።

ከመሄዱ በፊት ጓሮ ወስዶ ቁጭ አደረገኝ።

"ብሞት ገንዘቡ አብሮኝ ይቀበራል። ቃላቱን ያዣቸው።"

"አትሙት" አልሁት። ሌላ ምን ይባላል?

"እሺ። ያዣቸው ግን።"

አንዱን ቃል ይላል፤ እደግመዋለሁ። ሁለቱን ይላል፤ እደግማቸዋለሁ። ስሳሳት እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ትርጉማቸውን የማውቃቸው ጥቂቶቹን ነው፤ ሌሎቹ ድምፅ ብቻ ናቸው። ሳላቋርጥ እስክወጣቸው ድረስ አልተነሣም። ከዚያ ስልኩን በሽንብራ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ሄደ።

ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፤ የእሷም ትንሽ ልጅ እንደ አባቴ በኢንሱሊን ነው የምትኖረው። የአባቴ ብልቃጥ ባዶ መሆኑን ማን እንደነገራት አላውቅም። የልጅቷን ብልቃጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ መጣች።

"አባባ፣ የእኔ ወንድም ከደሴ ሲመጣ ለልጄ የያዘላት ነው። ተካፍለው ይውጉት" አለችው።

አባቴ ቀና ለማለት ሞከረ። ከንፈሩ ደርቋል፤ ትንፋሹ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸታል። "ለልጅቷ ስንት ቀን ይበቃታል?"

"እግዜር ያውቃል፤ አባባ።"

"ከተካፈልንስ?"

ጨርቁን መልሳ ብልቃጡ ላይ ጠቀለለችው።

"የልጅ ዕድሜ አልወጋም" አለ። "ውሰጅው የእኔ እናት። ጎረቤትነትሽ ደርሶኛል።"

እናቴ ለመነችው። እኔ እግሩ ላይ ወደቅሁ። "አባዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ፤ ወንድሜ እስኪመጣ" አልሁት። ሴትዮዋ ብልቃጡን በደረቷ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ውሰጅው ሲላት አትሄድም፤ ስጭን ስንላት ዞራ ወደ ቤቷ ታያለች። በመጨረሻ እናቴ ራሷ ተነሥታ፣ ትከሻዋን አቅፋ እስከ ቤቷ ሸኘቻት።

በማግሥቱ አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ቃላቱን በለሆሳስ እደግማለሁ። እንዳልረሳቸው ፈርቼ ነው። ወንድሜ ካልተመለሰ ከእሱም ከበሬዎቹም የሚቀረን እነሱ ብቻ ናቸው። አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ፣

"ምን ዱዓ ነው የምታደርጊው?" አለኝ።

"ዱዓ አይደለም፤ አባዬ። የገንዘቡ ቃል ነው።"

ፈገግ ያለ መሰለኝ። "ጮክ በይው እስቲ።"

ጮክ ብዬ አልሁለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። "አይገባኝም" አለ። ከዚያ ወዲህ ያናገረኝ ውኃ ስጭኝ ብሎ ብቻ ነው። ውኃ ሰጠሁት፤ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሞ ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ መልስ መስጠት ተወ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለፈ። ሼሁ ራሳቸው አጥበው ከፈኑት፤ በዚያው ምሽት ተቀበረ። የጎረቤታችን ባል ከእኛ ወንዶች ጋር ጉድጓዱን ቆፈረ።

ወንድሜ የተመለሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። እግሩ ደም ለብሷል። ስልኩን አስፋልቱ ላይ ወስደውበታል። ቃላቱ በራሱ ውስጥ ስላሉ፣ የማንንም ስልክ ተውሼ እልካለሁ ብሎ መንገዱን ቀጥሎ አምባሰል ወጥቷል። አንድ ወጣት ዲያቆን ስልኩን ሰጥቶት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አብሮት ቆሞ ውሏል። ምንም አልያዘም። ይህን ሁሉ የነገረን ቆይቶ ነው፤ ያን ዕለት በሩ ላይ የሰውን ጫማ ብዛት ሲያይ ገብቶት፣ ወደ ቤት ሳይገባ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

"በብር ብተወው ኖሮ" አለ። እናቴ ቆይታ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። "አንተ አይደለህም የገደልከው" አለችው። ደጋግማ አለችው። የሰማት አይመስለኝም።

ተዋጊዎቹ ወጥተው ኔትወርክ ሲመለስ መንደሩ በስልክ ጥሪ ተሞላ። ወንድሜ ለብዙ ቀን ስልክ አልነካም። በመጨረሻ የእኔን ተቀብሎ ቃላቱን አስገባ። ዋጋው ትንሽ ቢወርድም ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ በቦታው ነበር። አንዳች አልጎደለም። እሱ ስልኩን አስቀምጦ ግድግዳውን ያይ ጀመር፤ እኔ ደግሞ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለን ነበር ብዬ አሰብሁ። ቢያንስ የምንረግመው ሌባ ይኖር ነበር።

ደሴ ሄዶ ሸጦት፣ ብሩን አምጥቶ እናቴ ጭን ላይ አኖረው። እናቴ ያላትን ሁሉ ታግሣ ቆይታ ያን ጊዜ ጮኸች። "አንሣልኝ! አንሣልኝ!" እያለች ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። የመድኃኒት ነጋዴውን ዱቤ ከፈልን፤ እኔ የሰጠሁትንም መለሰልኝ። በተረፈው ወንድሜ ለደላላ ከፍሎ በጅቡቲ፣ በባሕር፣ ያንኑ መንገድ እንደ ገና ሄደ። እናቴን አልተሰናበታትም፤ እንደማትለቀው ያውቃል።

አሁን እዚያው ሳዑዲ ነው፤ የት ከተማ እንደሆነ አይነግረንም። በየጊዜው ለእናቴ በዚያው በሳንቲሙ ይልካል፤ ደሴ ያለው ነጋዴ ወዲያው ይደውልልኛል፤ ሄጄ በብር ተቀብዬ እመጣለሁ። እናቴ ተቀብላ ዱቄት ትገዛበታለች፤ ሌላ ምን ታድርግ። እሱ ግን አይደውልም። ስንደውልለት ያነሣና ይሰማናል፤ እናቴ፣ "ልጄ፣ ድምፅህን አሰማኝ" ትለዋለች፤ ከወዲያ የሥራ ቦታው የማሽን ጩኸት ብቻ ይሰማል።