ቅቤ የጠገበው ውጅግራ

በሆሳዕና ከተማ ሆዱን ከፍቼ ያላየሁት ሰዓት፣ ሬዲዮ ወይም ጠመንጃ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ካቻቢቴዬ ነው። መፍታት ሙያ አይደለም፤ ዝንጀሮም ይፈታል። ሙያ ማለት መልሶ መግጠም ነው፤ እኔ ስገጥም ደግሞ የሚተርፍ ብሎን የለም።

ጃጁራ የሚኖር ባልንጀራ አለኝ፤ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። በአንድ መንደር ነው ያደግነው። በዲግሪው አልቀናሁበትም፤ በልጆቹም አልቀናሁበትም። የቀናሁበት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአያቱ ጠመንጃ።

የእኛም ቤት ጠመንጃ ነበረው። አባቴ በየሳምንቱ በዘይት ጨርቅ ይወለውለው ስለነበር ጎንበስ ብሎ ፊቱን ያይበት ነበር። በደርግ ጊዜ መሣሪያ ሲሰበሰብ ከግድግዳችን ላይ አውርደው ወሰዱት። የእነሱ ግን ቀረ። እንዴት እንደ ቀረ ጠይቄ አላውቅም፤ መጠየቅ ራሱ ያንገበግበኝ ነበር። ባልንጀራዬ በየሰርጉና በየለቅሶው «የአያቴ ምንሽር» እያለ ሲጀምር እኔ ከገበታው እነሳለሁ።

አምና የባህል ጽሕፈት ቤቱ ጠመንጃውን ወስዶ ሆሳዕና ለሕዝብ ሊያሳየው ፈለገ። በመጀመሪያ ግን ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ዕድሜውና ይዞታው በሚያውቅ ሰው ታይቶ ይጻፍ ተባለ። የሚያውቅ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

ማጉያ መነጽሬን ይዤ በሚኒባስ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ እንከን። ከሁለት ጠመንጃ ተገጣጥሞ ባገኘው ደስታዬ ነበር።

«መሃንዲሱ መጣ!» አለ ባልንጀራዬ ገና ከበር። «ዛሬስ በመሣሪያ ነው የምታክመው ወይስ እንደ ሬዲዮዬ በጥፊ?»

«ሬዲዮህ ይናገራል አይናገርም?»

«ይናገራል።»

«እንግዲያው አንተ ዝም በል።»

ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣችው ልጅ ደብተሯን ይዛ፣ «አባባ፣ ቀለም ተቀብቶ ይሆን?» አለችኝ። በጥፍሬ ጫር አድርጌ አሸተትኩት።

«ቅቤ ነው!»

ባልንጀራዬ ሳቀ። በሐዲያ ዘመን መለወጫ፣ በያሆዴ በዓል፣ የሽማግሌዎች ራስ ቅቤ ሲቀባ አያቱ ጠመንጃውንም ይቀቡት ነበር፤ ከዚያ ከምድጃው በላይ ወዳለው ቦታው ይመልሱታል። በየዓመቱ ቅቤ፣ በየቀኑ ጭስ። እሳቸው ሲያርፉም ቤተሰቡ ቀጠለበት።

«ጠመንጃ ሽማግሌ ነው እንዴ?» አልኩ። «ብረት የሚፈልገው ዘይት ነው!»

«አያቴ ጌታን ሲቀበሉ ጠላውንም ትምባሆውንም ትተዋል። ወንጌላዊው ይህንንም ይተዉ ቢላቸው ‹እኔ ራሴን ተቀብቼ እሱ ደርቆ ይየኝ?› አሉት።»

መቀርቀሪያው ተጣብቆ ስለነበር በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አሙቄ ከፈትኩት። በአፈሙዙ ወደ ውስጥ አየሁ፤ ዝገት በልቶታል፣ ጠመዝማዛው መስመር ግን አልጠፋም። የጥይት መጋዘን የለውም፤ አንድ ጎርሶ አንድ የሚተፋ ነው። ምንሽር ግን ባለ መጋዘን ነው።

«ይህ ምንሽር አይደለም!» አልኩ ጮክ ብዬ።

የባልንጀራዬ ፊት ጠወለገ። «ምንድን ነው ታዲያ?»

«ውጅግራ ነው። ስሙ ራሱ ከፈረንሳዮች አፍ ተሰባብሮ የመጣ ነው።»

ልጅቷ ቀና አለች። «ከሁለቱ የትኛው ይቀድማል?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር፤ ግን አላውቅም የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። «ውጅግራው» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

«አያችሁ!» ብሎ ጭኑን መታ ባልንጀራዬ። «ዕድሜዬን ሙሉ የአያቴን ጠመንጃ በታናሽ ወንድሙ ስም ስጠራው ኖሬያለሁ!»

የቀረኝ አንድ ተስፋ ቁጥሩ ነበር። የመቀርቀሪያውና የአካሉ ቁጥር ከተለያየ ከሁለት ጠመንጃ የተገጣጠመ ነው። ቁጥሩ ግን ከቅቤው ሥር ነው። ማንንም ሳላስፈቅድ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክሬ እፈትግ ጀመር። መዳፍ የምታህል ቦታ ጠራች፤ ፊደል ወጣ፣ ቁጥር ወጣ። መቀርቀሪያውን አየሁ፤ ያው ቁጥር። እንከን የለውም።

ብረቱ ግን አበራ። የአባቴን ጠመንጃ መሰለኝ፤ እጄም መፈተጉን አልተወም።

«ኧረ ተው! ምን እያደረግህ ነው?»

የባልንጀራዬ ታላቅ እህት ናት፤ በጓዳው በር ቆማለች።

«ላጸዳው ነው፣ እትዬ።»

«ያተረፈው እኮ ይኸው እድፉ ነው! ሰብሳቢዎቹ ሲመጡ እዚያ ላይ ከማገሩ ጋር ተጋድሞ ነበር። አንደኛው እጁን ጣል አደረገበት። እጁ ሲጠቁር ማገር መስሎት ‹ጥላሸት!› ብሎ በግድግዳችን ጠረገና ወጣ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የአባትህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከደጅ ያብረቀርቅ ነበር።»

ጨርቁ እጄ ውስጥ ቀረ። ያን ሁሉ ዘመን ያልጠየቅሁት ጥያቄ መልሱን ሳልፈልግ ሰማሁ። የእኛን ያስወሰደው የአባቴ ጥንቃቄ ነው፤ ያ ጥንቃቄ ደግሞ ከእሱ የወረስኩት፣ የምኮራበት የእጄ ሙያ ነው።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። «አባባ፣ ሙሉውን ይጽዳ ወይስ እንዲሁ ይቅር? እርስዎ ያሉትን ነው የምጽፈው።»

ባልንጀራዬ አፍ አፌን ያያል። ይጽዳ ብል የሚከራከረኝ አልነበረም፤ አዋቂው እኔ ነኝ። ያ ቅቤ ተፍቆ እንዲወርድ፣ የእነሱም ራቁቱን እንዲቀር ፈልጌያለሁ፤ አልዋሽም።

«አይነካ ብለሽ ጻፊ» አልኳት። «ቅቤውም የጠመንጃው አካል ነው በይ።»

አሁን ሆሳዕና ለሕዝብ ይታያል። ከጎኑ ያለው ወረቀት ላይ የአያቱ ስም አለ፤ የእኔ የለም። አንድ ቀን አብረን ሄደን ባልንጀራዬ የፈተግኳትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ፤ «ያቻት፣ መሃንዲሱ ያበላሻት!»

እውነቱን ነው። ግን ከጠመንጃው ሁሉ የምታበራው እሷ ብቻ ናት። እሱ ወደ ሌላው ዕቃ ሲያልፍ ጎንበስ ብዬ ፊቴን አየሁባት።